ስለ ናይሮቢው ፍንዳታና ስለ ሕንፃ ጽናት ትምህርት

በናይሮቢ ከተማ መካከል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተሰየመ ሰፊ ጎዳና አለ። ይህ ጎዳና በኬንያ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ስም ከሚጠራው ከሞይ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ዛሬ ዛፍ የተተከለበትና የሟቾች ስም የተቀረጸበት ግንብ የቆመበት የመታሰቢያ መናፈሻ ይገኛል። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ዐርብ ረፋድ፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1998፣ በዚሁ ስፍራ ቆሞ ከነበረው ከአሜሪካ ኤምባሲ በስተኋላ ፈንጂ የተጫነ መኪና ፈነዳ። በናይሮቢ ብቻ 213 ሰዎች ሞቱ፤ ከአራት ሺህ የሚበልጡ ቆሰሉ። ከሟቾቹ መካከል ዐሥራ ሁለቱ አሜሪካውያን ሲሆኑ የቀሩት ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ኬንያውያን ነበሩ። በዚያው ሰዓት ገደማ በዳሬሰላም በደረሰው ተመሳሳይ ፍንዳታም ዐሥራ አንድ ሰዎች አልቀዋል።

የዚህ ግፍ ፖለቲካዊ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። በማዕዘኑ ላይ የቆሙት ሕንፃዎች በዚያ ቅጽበት የሠሩት ሥራ ግን ከመሐንዲሶች በቀር ብዙ አንባቢ አላገኘም። ሕፃናትን በየቀኑ ከጣሪያ በታች ሰብስቦ ለሚያስተምር ወገን ግን ይህኛው ክፍል ከፊተኛው ይልቅ ይቀርበዋል። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በማዕዘኑ ሦስት ሕንፃዎች ተቀራርበው ቆመው ነበር፤ ባለ አምስት ፎቁ ኤምባሲ፣ የጽሕፈት ሥራ የሚማሩ ተማሪዎች ጭምር ይገኙበት የነበረው ኡፉንዲ የተባለው የኅብረት ሥራ ሕንፃ፣ ከሁሉም በላይ ረዝሞ የሚታየው የኅብረት ሥራ ባንክ። መኪናው በኤምባሲው የኋላ በር ለመግባት በሞከረ ጊዜ ዘበኛው መዝጊያውን አላነሣም አለ። ከመኪናው የወረደውም ሰው የእጅ ቦምብ ወረወረ። ይህን ድምፅ የሰሙ በየቢሮው የነበሩ ሠራተኞችና ተማሪዎች ምን እንደ መጣ ለማየት ወደየመስኮታቸው ተጠጉ። ሰው የሆነ ሁሉ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። ዋናው ፍንዳታ የመጣው ግን ሁሉም ፊቱን በመስተዋቱ ላይ ባደረገበት በዚያው ቅጽበት ነበር።

አድሚራል ዊልያም ክራው በሊቀ መንበርነት የመሩት የአሜሪካ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ በጃኑዋሪ 1999 ባወጣው መግለጫ ነገሩን በዝርዝር ገልጾታል። የኤምባሲው ሕንፃ በፌሮ የተጠናከረ ኮንክሪት ስለ ነበረ አጥንቱ ብዙም ሳይጎዳ ቆሞ ቀረ። ውስጡ ግን ፈጽሞ ፈረሰ፤ መስኮቱ ከነመቃኑ፣ ቢሮውን ከቢሮ የሚለየው የብሎኬት ግድግዳ፣ ጠረጴዛውና ቁም ሣጥኑ ሁሉ እየተወረወረ በኤምባሲው ውስጥ የነበሩትን ሰዎች የገደለና ያቆሰለ ይኸው ነበር። ኡፉንዲ ሕንፃ በአንጻሩ ወለሉ በወለሉ ላይ እየተደረበ ወደቀ። ረዥሙ ባንክ ቆሞ ቢቀርም መስተዋቱ ሁሉ እንደ በረዶ በጎዳናው ላይ ወረደ። በዚያ ቀን የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ኬንያውያን ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ በአንድ ፍንዳታ ሦስት ዓይነት ጉዳት ታየ። ፈንጂው ከየሕንፃው ያለው ርቀትና አቅጣጫ አንድ ስላልነበረ አንዱን ሕንፃ ከሌላው ጋር እንደ ተማሪ ውጤት ማወዳደር ትክክል አይሆንም። ይሁን እንጂ ሕንፃ አጥንት፣ ሥጋና ቆዳ እንዳለው፣ የአንዱም ጽናት ለሌላው ዋስ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

የርቀቱም ነገር ቀድሞ ያልታወቀ አልነበረም። በ1985 በአሜሪካ የወጣው የኤምባሲዎች ጥበቃ ምክር አዳዲስ ሕንፃዎች ከጎዳናው ሠላሳ ሜትር ያህል እንዲርቁ ያዝዝ ነበር፤ የናይሮቢው ግን ከዚያ በፊት የተሠራና ከሁለት የተጨናነቁ ጎዳናዎች ጋር የተጣበቀ ነበር። በጊዜው አምባሳደር የነበሩት ወይዘሮ ፕሩደንስ ቡሽኔል ሕንፃው ለአደጋ የተጋለጠ ነውና ይለወጥልን ሲሉ ደጋግመው ወደ አገራቸው ጽፈው ነበር። ፍንዳታው በደረሰ ሰዓት ራሳቸው ከጎን ባለው ባንክ ላይ ከኬንያ ሚኒስትር ጋር ተሰብስበው ስለ ነበር በመስተዋት ቆስለው ተርፈዋል። የፈንጂ ግፊት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በእጥፍ ብቻ አይቀንስም፤ በተለይ በቅርብ ከዚያ በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ ከጎዳና ጥቂት ሜትሮች መራቅ ከወፍራም ግድግዳ ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚያስከፍለውም የመሬት ዋጋ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በከተማ መካከል ከመሬት የሚወደድ ነገር የለም።

በዚያ ረፋድ የሆነውን ነገር ሰው ሳይሆን መሣሪያ በጥንቃቄ መዝግቦት ተገኘ። ከማዕዘኑ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የምድር መንቀጥቀጥ የሚለካ መሣሪያ ተተክሎ ነበር። ኪት ኮፐር፣ ቴሪ ዋላስና ዳንኤል ሆልናክ የተባሉ ሊቃውንት ይህን መዝገብ መርምረው በ1999 ጥናታቸውን አሳተሙ፤ ፍንዳታው የደረሰው ከረፋዱ በአሜሪካውያን አቆጣጠር 10 ሰዓት ከ39 ደቂቃ፣ በእኛ አራት ሰዓት ከ39 ደቂቃ ላይ መሆኑ ከመሣሪያው ታወቀ። የፊዚክስ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። በምድር ውስጥ የሚሄደው ማዕበል በሴኮንድ ኪሎ ሜትሮችን ሲያልፍ ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ምድሪቱ ቀድማ ትነግረዋለች፤ ጆሮው የሚሰማው ከዘጠኝ ሴኮንድ ገደማ በኋላ ነው።

የምድር መንቀጥቀጥ መሣሪያ ፈንጂን መመዝገቡ ድንገት የሆነ ነገር ቢመስልም የእነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ ከፈንጂ ጋር የተያያዘ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኀያላን መንግሥታት የአቶሚክ ቦምብ ሙከራን ስለ መከልከል ሲነጋገሩ አንዱ ከሌላው ተደብቆ ከምድር በታች ቢያፈነዳ በምን ይታወቃል የሚል ጥያቄ ተነሣ። የመንቀጥቀጡን ማዕበል ከፈንጂው ማዕበል ለመለየት በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት መሣሪያ የያዙ ጣቢያዎች ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህም አሜሪካ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መቶ ሃያ ያህል ጣቢያዎችን በየአገሩ አቋቋመች። ከእነዚህም አንዱ በናይሮቢ፣ አንዱም በአዲስ አበባ ተተከለ። የጦርነት ፍርሃት የወለደው መሣሪያ ለሰላማዊው ትምህርት ይህን ያህል መጥቀሙ በሳይንስ ታሪክ ከሚያስገርሙት ነገሮች አንዱ ነው።

ሁለቱ ከተሞች በአንድ ታላቅ ስንጥቅ አጠገብ የቆሙ ናቸው። ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ስትመሠረት ስለ ምድር መንቀጥቀጥ ያሰበ ሰው አልነበረም። ነገር ግን በጃኑዋሪ 6 ቀን 1928 ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ በሱቡኪያ ሸለቆ ልኩ 6.9 የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሣ፤ ምድሪቱም በረዥም መሥመር ተሰንጥቃ ታየች። በአካባቢው የነበሩት ቤቶች አብዛኞቹ ከእንጨትና ከሣር የተሠሩ ስለ ነበሩ የሞተው ሰው ጥቂት ነበር። ያ መንቀጥቀጥ ዛሬ ቢመለስ ግን የሚያገኛት ኬንያ ሌላ ናት። በ1973 የኬንያ የሥራ ሚኒስቴር ለምድር መንቀጥቀጥ የሚሆን የሕንፃ ደንብ አውጥቷል፤ ደንብ ወጣ ማለት ግን ተፈጸመ ማለት አለመሆኑን የሹመት ሥራ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

በእኛም አገር ነገሩ ይኸው ነው። በ1906 ኦገስት ወር፣ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በነገሡበት ዘመን፣ አዲስ አበባ በብርቱ ተናወጠች። በ1961 ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በወሎና በሸዋ ድንበር መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ማጀቴ ፈረሰች፤ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎዳች። በማርች 1969 ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶ ወደመች። ይህን ሁሉ በትዕግሥት የሰበሰቡት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒዬር ጉዌን ናቸው። እኚህ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር ሳሉ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው በ1957 እና በ1958 የምርምር ጣቢያውን አቋቋሙ። በመጀመሪያ የተፈለገው የምድርን መግነጢስ ለመለካት ነበር፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናትና። የመንቀጥቀጡ መሣሪያ ከዚያ ተከተለ። ገና ብዙ ዓመት ያልሞላው ጣቢያ ነበር የማጀቴን ጥፋት ያገኘው።

አባ ጉዌን መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ያለው ዘመን እንዳይጠፋ ዜና መዋዕሉን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻና የቆንስሎችን ደብዳቤ እየመረመሩ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ ጻፉ፤ መጽሐፉም በ1979 በኦታዋ ታተመ። ለጥንት ጸሐፊ የእግዚአብሔር ቁጣ ምልክት የነበረው ነገር ለእሳቸው ቀንና ቦታ ያለው መረጃ ሆነላቸው። ስለ አካባቢያቸው የሽማግሌ ቃል የሚጽፉ የታሪክ መምህራን ይህን መጽሐፍ ቢያዩት የሥራቸውን ዋጋ ያውቁበታል፤ አንድ ጸሐፊ ቤተ ክርስቲያን ወደቀች ብሎ ያሰፈረው ቃል ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ለመሐንዲስ ቍጥር ሆኖ ያገለግላል።

የመንቀጥቀጡን ልክ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሕንፃው እንዴት እንደሚችለው ማወቅ ሌላ። በዚህ በሁለተኛው መስክ ዕድሜያቸውን ካሳለፉት መካከል የቱርኩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ሜቴ ሶዘን ይገኛሉ። በ1930 በኢስታንቡል ተወልደው በዚያው በሮበርት ኮሌጅ ተማሩ፤ ወደ አሜሪካም ሄደው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1957 የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። በዚያው ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተማሩ፤ ከዚያም ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሠሩ፤ በ2018 ዐረፉ። በኢሊኖይ በሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ ትንንሽ የኮንክሪት ሕንፃዎችን አቁመው እስኪሰባበሩ ድረስ ያናውጧቸው ነበር። ቤተ ሙከራው ግን አልበቃቸውም፤ በ1963 ስኮፕዬ በፈረሰች ጊዜ የወደቀውንና የቆመውን ለይተው ጽፈዋል።

በ1971 በካሊፎርኒያ በሳን ፈርናንዶ የሆነው ነገር የዘመኑን መሐንዲሶች ሁሉ አስተማረ። ኦሊቭ ቪው የተባለ አዲስ ሆስፒታል ሥራ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ተሰባበረ። ከዓምዶቹ መካከል ቀጥ ያለው ፌሮ በተራራቀ ስታፋ ብቻ የታሰረባቸው ፈረሱ፤ ፌሮው እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ተቀራርቦ በተጠመጠመ ብረት የታሰረባቸው ግን ልብሳቸው ተገፎ፣ ተጣመውም እንኳ ሸክማቸውን ተሸክመው ቆዩ። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። ስታፋ የሚባለው ብረት ቀጭን ስለ ሆነ፣ ኮንክሪቱም ከፈሰሰ በኋላ ማንም ስለማያየው፣ ቆጣቢ ነኝ የሚል ተቋራጭ መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱኑ ነው።

ይህ ለምድር መንቀጥቀጥ የተገኘ ትምህርት ለፈንጂም እንደሚያገለግል የታወቀው በ1995 ነው። በአፕሪል 19 ቀን በኦክላሆማ ከተማ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ፊት ለፊት መኪና ፈንድቶ 168 ሰዎች ሞቱ፤ በሕንፃው ውስጥ በነበረው የሕፃናት መዋያ የነበሩ ልጆችም ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። በጂን ኮርሊ የተመራው የመርማሪዎች ቡድን፣ ሶዘንም ከአባላቱ አንዱ ሆነው፣ ፍርስራሹን መረመረ። ፈንጂው በቀጥታ የሰበረው ጥቂቱን ነበር። ነገር ግን የላይኞቹን ዓምዶች ሸክም የሚቀበለው ትልቅ አግዳሚ በጥቂት ዓምዶች ላይ ብቻ ስለ ተቀመጠ እነዚያ ሲሰበሩ ከላይ ያለው ሁሉ ተከትሎ ወረደ። የገደለው ይበልጡን ፈንጂው ሳይሆን መውደቁ ነበር። ኦክላሆማ ብርቱ መንቀጥቀጥ የሚፈራበት አገር ስላልነበረ ሕንፃው ለዚያ አልተሠራም። ቡድኑ በ1996 ባወጣው መግለጫ፣ ሕንፃው የምድር መንቀጥቀጥ በሚበዛበት አገር ደንብ ተሠርቶ ቢሆን የወደቀው ክፍል ከግማሽ በላይ ይቀንስ እንደ ነበር ገለጠ።

በእርግጥ ሁለቱ ኀይሎች አንድ አይደሉም። መንቀጥቀጥ ከመሠረቱ ተነሥቶ ሕንፃውን በሙሉ ለብዙ ሴኮንዶች ያወዛውዛል፤ ሕንፃው በከበደ ቍጥር ኀይሉ ይብሳል። ፈንጂ ግን ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ በማይቈይ ጊዜ አንዱን ወገን ይመታል፤ በእሱ ዘንድ ክብደት ይጠቅማል። በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ሕንፃው ሳይሰበር መጣመም ይችል እንደ ሆነ፣ አንዱ ዓምድ ሲጠፋም ጎረቤቱ ሸክሙን ይቀበል እንደ ሆነ ይፈትናሉ። በ2001 በዋሽንግተን አጠገብ ያለው የጦር ሚኒስቴር ሕንፃ በአይሮፕላን በተመታ ጊዜም ሶዘን ከመርማሪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ በዚያም ፌሮአቸው በተጠመጠመ ብረት የታሰረ ዓምዶች ተጎድተው ሳለ ብዙ ወለል ተሸክመው መቆየታቸው ተረጋገጠ።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለድሃ አገር የሚበጀው ግን ከባድ ስሌት የማይጠይቀው ነው። በ1992 በቱርክ ኤርዚንጃን ከደረሰው መንቀጥቀጥ በኋላ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ዝቅተኛ ፎቅ ያላቸውን ሕንፃዎች መርምረው በ1997 ቀላል መለኪያ አወጡ። የምድር ቤቱ ዓምዶችና ግድግዳዎች ቁመው የያዙት ስፋት ተደምሮ ከወለሎቹ ሁሉ ስፋት ጋር ይነጻጸራል፤ ክፍልፋዩ ባነሰ ቍጥር ሕንፃው ቀድሞ መታየት ያለበት ነው። ይህ ሕንፃው ይወድቃል ወይም አይወድቅም ብሎ አይፈርድም፤ ብዙ ሺህ ሕንፃ ባለበት ከተማ መሐንዲሱ ከየትኛው ይጀምር የሚለውን ብቻ ይመልሳል። ሜትርና ወረቀት የያዘ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ነው።

ናይሮቢ ከፍንዳታው በኋላ እንዲህ ያለውን ቅደም ተከተል የሚያስፈልጋት ከተማ መሆኗ በሐዘን ታይቷል። ፈንጂም መንቀጥቀጥም ሳይኖር ሕንፃዎች ይወድቁባታል። በአፕሪል 2016 በከባድ ዝናብ ጊዜ በሁሩማ ሰፈር የተከራዮች ፎቅ ወድቆ ሃምሳ ያህል ሰዎች ሞቱ። በሴፕቴምበር 2019 ደግሞ በዳጎሬቲ በኩል ባለ አንድ ትምህርት ቤት ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ ባለ ፎቅ የመማሪያ ክፍል ጠዋት ትምህርት እንደ ተጀመረ ተደርምሶ ሕፃናት አለቁ። ለመጀመሪያው ደንቡ ነበረ፤ ለሁለተኛውም ነበረ። የጎደለው ገብቶ የሚያይና አቁም የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነበር።

በኢትዮጵያ የአባ ጉዌን ጣቢያ ሥራውን ቀጥሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል፤ ከእሳቸውም በኋላ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ተረክበውታል። የአገሪቱ የሕንፃ ደንብ በ1983፣ በ1995 እና በ2015 እየታደሰ ሲወጣ የመንቀጥቀጡ ምዕራፍ እየጠነከረ መጥቷል። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድሪቱ ወራት ሙሉ ስትናወጥ፣ በጃኑዋሪ 2025ም ልኩ ከ5.5 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከመኖሪያው ተነሣ፤ በአዲስ አበባም ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ልጆቻቸውን ይዘው ደረጃ ወረዱ። በእነዚያ ሳምንታት በየትምህርት ቤቱ የተነሣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ደወሉ ሳይደወል ክፍሉ ቢንቀጠቀጥ ልጆቹ ምን ያድርጉ የሚል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከናይሮቢው ማዕዘን የሚለይ አይደለም። ከመስኮት መራቅ፣ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባትና ራስን መሸፈን፣ መናወጡ ሲያቆም በሥርዐት መውጣት። መስኮቶቹ ላይ መስተዋቱን የሚይዝ ስስ ላስቲክ መለጠፍ፣ ረዣዥሞቹን የመጻሕፍት መደርደሪያዎች ከግድግዳ ጋር ማሰር፣ መውጫውን በር በትምህርት ሰዓት አለመቆለፍ። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከትምህርት ቤቱ የዓመት በጀት ላይ የሚታይ አይደለም፤ ዓምዶቹን የሚያይ መሐንዲስ ለማስመጣት የሚጻፈው ደብዳቤ ግን የርእሰ መምህሩን ፊርማ ይጠይቃል።